ነጭ ቁራጭ በድልድዩ ብረት ላይ

ኅዳር 5

የጠዋት ቆጠራ። ነጭ አቡጀዲ ስድስት ጥቅል። ባለመስመሩ የአልጋ ልብስ አራት። የመጋረጃ ጨርቅ፣ አረንጓዴው አልቋል፤ ቡናማውን የሚጠይቅ ሰው ገና አልተወለደም።

የመንገዱ ቆጠራ። ገልባጭ መኪና፣ ስፍር ቁጥር የለውም። ውሻ ሁለት። ሳል፣ ድልድዩ ጋ አንዴ፣ የቤቴን ደረጃ ስወጣ አንዴ። እሱ፣ አንድ። እንደ ሁልጊዜው አንገቱን ሰበር አደረገ። እኔም ሰበር አደረግኩ። አለፍን።

ማን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሟ ለስኳሩ ብላ ሩጪ ካለችኝ ጀምሮ ሳይነጋ ቀለበት መንገዱ ላይ ነኝ። ሜዳ ነው፣ መብራት አለው፣ ሱቅ ሳልከፍት ያልቃል። እሱ ከወዲያ ይመጣል፣ እኔ ከወዲህ። የምንገናኘው እግረኛ መሻገሪያው ድልድይ ሥር ነው። ዕድሜው ከኔ ብዙም አይርቅም። ሰማያዊ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። እራፊው ደህና ሱፍ ነው፣ ክሩ ግን ርካሽ፤ ብዙ አይቆይም። ሚስት ያለው ሰው እንዲህ ባለ ክር ይጣፍለታል? ወይስ ሚስቱ ክር አታውቅም?... ምን አገባኝ።

እኔ ደግሞ ላብ ዓይኔ እንዳይገባ ከነጩ ጥቅል ጫፍ የቆረጥኳትን ቁራጭ ግንባሬ ላይ አስራለሁ። በሷ ሳያውቀኝ አይቀርም።

ኅዳር 8

ዛሬ ጭሱ ወፍራም ነበር። እሱ ከውስጡ ሲወጣ መጀመሪያ የታየኝ ጫማው ነው። ከዚያ ሹራቡ። ከዚያ አንገቱ፣ ሰበር።

ቀኑን ሙሉ ገበያ የለም። ቡናማው መጋረጃ እንዳለ አለ።

ኅዳር 12

ድልድዩ ሥር ስደርስ ደረቴ እምቢ አለ። አየሩ ይገባል፣ ግን የሚደርስበት አይደርስም። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። እሱ ደረሰ። አላለፈም። ሩጫውን ገታ።

"ደህና ነዎት?"

ድምፁን የሰማሁት ዛሬ ነው። ወፍራም፣ ረጋ ያለ። እኔስ ምን አልኩ? "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ይሂዱ!" ብዬ እጄን አወናጨፍኩበት፣ ዋጋ ሲከራከረኝ የቆየ ደንበኛ እንደምሸኘው። ሄደ። ትንሽ ሄዶ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ጭሱ ዋጠው።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው?

ሱቅ ውስጥ ጥቅል ሳነሳ አለከለክሁ። ጎረቤቴ፣ ክርና አዝራር የሚሸጠው ሽማግሌ (ጋሽ አዝራር ብዬ ስም ካወጣሁለት ቆየሁ) በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ጨርቅ ነው የምትዘረጊው ወይስ ተራራ ነው የምትወጪው?"

"ጋሼ፣ ሥራዎን ይሥሩ።"

"ሥራዬማ አንቺን ማየት ነው። ደንበኛ የለኝም።"

ኅዳር 14

ሐኪሟ ዘንድ። ደረቴን ጀርባዬን አዳመጠች፣ ቱቦ አስነፋችኝ።

"የት ነው የምትሮጪው?"

"ቀለበት መንገዱ ላይ።"

"መቼ?"

"ሳይነጋ። አየሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ።"

ሳቀች። ንጹሕ ነው ያለሽ ማነው አለችኝ። ማንም አላለኝም... ሁሉም ሰው ይላል። ቀዝቃዛ ነው እንጂ ንጹሕ አይደለም አለች። በዚህ ወቅት ሌሊቱን ነፋስ የለም፤ ብርዱ የመኪናውንም የሚቃጠለውን ቆሻሻም ጭስ እንደ ድስት ክዳን ከላይ ይገጥምበታል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው ክዳኑ የሚነሳው። እኔ ደግሞ ክዳኑ እንደተገጠመ፣ ያውም እየሮጥኩ፣ ከተቀመጠ ሰው በብዙ እጥፍ እየሳብኩት።

"ታዲያ ልተወው?"

"ስኳርሽስ? አትተዪም። ሰዓቱን ቀይሪ። መንገዱንም ቀይሪ። ከትልቁ መንገድ ሁለት ሦስት ቅያስ ወደ ውስጥ ብትገቢ እንኳ ለውጥ አለው። ዛፍ ያለበት ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። አየሩ በጣም በከፋበት ቀን ጭራሽ አትውጪ፤ ቤት ውስጥ ተንቀሳቀሺ።"

"ጨርቅ አፌ ላይ ባስርስ? ጨርቅ እንደሆነ ሞልቶኛል።"

"ጨርቅሽ አቧራውን ይይዛል። ጭሱ ያልፈዋል።"

ስለ ጨርቅ ለኔ! ልመልስላት ከጀልኩ። ግን ልክ ናት። አቡጀዲን ወደ ብርሃን አንስቼ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ በክሮቹ መሃል ብርሃን ካለፈ ጭስ ምን ያግደዋል? ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ አለ፣ መንገዱን ማለፍ ግድ ከሆነብሽ እሱን አድርጊ፤ ለብሰሽው ሩጪ ግን አላልኩሽም አለችኝ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም አዘዘችልኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ያም ለሐኪም የሚነገር አይደለም። ሰዓቱንና መንገዱን ከቀየርኩ ድልድዩ ሥር የሚገናኘኝ ሰው ይቀራል። ስሙን አላውቅ፣ ስልኩን አላውቅ። የማውቀው ሰዓቱንና መንገዱን ብቻ ነው። ቀይሪ የተባልኩትም እነሱኑ።

ኅዳር 15

አልወጣሁም። ጫማዬን አስሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ከወዲያ ተነስቷል... አሁን ነዳጅ ማደያውን አለፈ... አሁን ድልድዩ ሥር ነው። ዞር ብሎ አይቶ ይሆን? ወይስ አንዲት ሴት ቀረች ብሎ ሩጫውን ቀጠለ?

ባሌ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ከኔ ሌላ የሚተነፍስ ፍሪጁ ብቻ ነው። አንገት ሰበር ማድረግ ምን ያህል ነገር ነው? ትንሽ ነው። ግን የቀኑ የመጀመሪያው ነበር።

ጫማዬን ፈትቼ ሱቅ ሄድኩ።

ኅዳር 17

እህቴ ደወለች። ስልኳ ላይ የአየሩን ሁኔታ የሚያሳይ ነገር አለ፤ እየመራችኝ እኔም ስልኬ ላይ አስገባሁ።

"ዛሬ ቢጫ ነው" አለች።

"ቢጫ ምንድነው?"

"መካከለኛ።"

"መካከለኛ ተብሎ የተሸጠልኝን ዕቃ አውቀዋለሁ።"

"አቤት አንቺ! አየርም ትከራከሪያለሽ?"

እከራከራለሁ። ስልኩ የሚናገረው ስለ ከተማው ነው፣ ስለ ድልድዩ አይደለም። አንድ ጨርቅ ቀለም ይለቅ እንደሆን የአምጪውን አፍ አንሰማም፤ ቁራጭ ቆርጠን ውሃ ውስጥ እንነክራለን። አየሩንስ ለምን እንደዚያ አላደርገውም?

ከነጩ ጥቅል ሦስት እኩል ቁራጭ ቆረጥኩ። አንዱን መስኮቴ ላይ አሰርኩ። አንዱን ከሰፈሩ በላይ ያለው ችግኝ ጣቢያ፣ ከዛፎቹ መሃል። አንዱን የድልድዩ ደረጃ ብረት ላይ፣ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ድልድዩን ለምን መረጥኩ? ለፈተናው ነው።

ለፈተናው ነው።

ኅዳር 21

ሰበሰብኩ። የችግኝ ጣቢያው ቁራጭ ከጥቅሉ ጋር ሲያዩት ብዙም አይለይም። የመስኮቴ አመድማ ሆኗል፤ መስኮት ከፍቼ መተኛት ቀረ። የድልድዩ... የለም!

የእጅ መዳፍ የምታክል ጨርቅ ማን ይሰርቃል? ለምን? ሌላ ቆርጬ አሰርኩ። በድርብ ቋጠሮ።

ሱቁን ምሳ ላይ ዘግቼ ችግኝ ጣቢያው ጀመርኩ። ገበያው በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ነው፣ የሚጎድል የለም። ፀሐይ አለ፣ ነፋስ ቅጠሉን ያንኮሻኩሻል። መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ። ደረቴ ዝም አለ። ለካ ትንፋሽ እንዲህ ነበር!

አንድ ሰውዬ ከፊት ለፊት መጣ። አንገቴን ሰበር አደረግኩ። ስልኩን እያየ አለፈ።

ኅዳር 27

የድልድዩ ቁራጭ አሁንም የለም። ብረቱ ላይ የክር ቅሪት አልቀረም። በጥሶት ቢሆን ኖሮ ቋጠሮው ይቀር ነበር። ፈትቶ ነው የወሰደው። ቁጭ ብሎ፣ በጥፍሩ፣ ድርብ ቋጠሮ የፈታ ሌባ።

ለጋሽ አዝራር ነገርኩት። ሳቀ።

"ሳልሽ ተወሽ አይደል?"

"ተወኝ።"

"እንቅልፍሽስ?"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ አየር ካገኘሽ ወዲህ በየደቂቃው ኡፍ የምትዪው ለምንድነው? እኔ እንኳ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።"

"ጋሼ፣ የእርስዎ ጆሮ ከባዶ ክር ይፈትላል።"

"እኔማ አዝራር ነው የምሸጥ። የጠፋውን አዝራር የምትፈልግ ሴት ሳያት አውቃለሁ።"

ቡናማውን መጋረጃ ልሸጥለት ሞከርኩ። እምቢ አለ።

ታኅሣሥ 2

ስልኩ ቀይ። ከሱቁ በር ቆሜ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ አይታየኝም። ችግኝ ጣቢያውም ቀረ። መስኮት ዘግቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተነሳሁ፣ ተቀምጬ ተነሳሁ። የታችኛው ቤት ሴትዮ ኮርኒሷን መታች።

እኔስ ሐኪም ነገረችኝ። እሱን ማን ነገረው? ዛሬም በዚያ ክዳን ሥር ይሮጣል። አፉን ከፍቶ። ያን ቀን "ደህና ነዎት" ሲለኝ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ጉድለቱን እያወቅኩ ሳልናገር የሸጥኩት ጨርቅ የለም። ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውን አሳይቼ ነው። ይሄን መንገድ ግን እያወቅኩ ለሱ ትቼለት ሄድኩ። ዝም ብዬ።

ታኅሣሥ 4

ነገ ሳይነጋ እወጣለሁ። ጥብቁን ማስክ ገዝቻለሁ። እርምጃ ብቻ፣ ሩጫ የለም። የመስኮቱንና የችግኝ ጣቢያውን ቁራጭ እይዛለሁ። ያለ ናሙና ምን ብዬ አስረዳዋለሁ?

ሌባውንም እይዘው ይሆናል።

እሱ ካልመጣስ? ታሞ ቢሆንስ? ሰው ሲቀር የሚነገረው ለዘመድ ነው። እኔ ምኑ ነኝ?

ታኅሣሥ 5

መጣ።

ደረጃው ሥር ቆሜ ነበር። ማስኩ ግማሽ ፊቴን ሸፍኖታል። የግንባሬን ቁራጭ አይቶ ነው የቆመው።

"እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔማ... ጠፉ። ታመው ይሆን አልኩ። ቤት ቀይረው ይሆን አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ።"

ከዚያ ሹራቡን ገልጦ ከውስጥ ኪሱ አንድ ላስቲክ አወጣ። ላስቲኩ ውስጥ፣ በአራት የታጠፉ፣ ሁለት ነጭ ቁራጮች።

"ወድቆብዎት ያገኘ ሰው ብረቱ ላይ ያሰረልዎት መስሎኝ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ከዚያ ስትመጪ... ሲመጡ ልሰጥዎት ያዝኩት። ሁለተኛውን ሳይ ደግሞ በሌላ ሰዓት እየመጡ ነው ማለት ነው አልኩ። በሌላ ሰዓት እየመጡ እየጣሉ።"

ተቀበልኩት። ነጭ። ከጥቅሉ እንደወጣ። የተተኮሰ!

"አጠቡት?"

"አጠብኩት። ላብ ነው ብዬ። ተኮስኩትም።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅ ማስኩን ነፋው። ያ ሁሉ ፈተና፣ ያ ድርብ ቋጠሮ... እሱ ግራ ገብቶት "ምነው? ምነው?" ይላል። ነገርኩት። ሐኪሟን፣ ክዳኑን፣ ሦስቱን ቁራጮች። ፈተናውን አጠቡት፣ አሁን ማስረጃ የለኝም አልኩት።

እጄ ላይ ያሉትን ቁራጮች አያቸው።

"ውሃው ጥቁር ነበር" አለ። "ደጋግሜ ነው ያጠብኩት። እንደ ቀለም ነው የወረደው። በልቤ፣ የዚች ሴትዮ ግንባር ምን ነካው አልኩ።"

እሱም ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉም አልቆም አለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ። ገልባጭ መኪና በአጠገባችን አለፈ፣ ከኋላው ጥቁሩን ለቀቀብን። ሁለታችንም አየነው። ከዚያ በኋላ ናሙናውን ማውጣት አላስፈለገም።

አውቶቡስ ነጂ ነው። "ቀን ጭሱን እነፋለሁ፣ ንጋት ላይ እውጠዋለሁ" አለኝ። ፀሐይ ስትወጣ መሪ ይይዛል፣ የሚለቀው ሲመሽ። እኔ የምሮጥበት ጥሩው ሰዓት ለሱ የሥራ ሰዓት ነው።

"ሹራቡን ማን ጣፈልዎት?"

"እኔው።"

"ክሩ ርካሽ ነው።"

"ነጋዴ ነዎት ማለት ነው።"

ሚስቱ ከሄደች ቆይታለች አለ። የት ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሄደች ያለበት ድምፅ ይበቃል።

ከዚያ ነገሩን አስቀመጥኩለት፣ እንደ ዕቃ። የሥራ ቀን ከሆነ ከመንገዱ ወደ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያሉት ቅያሶች፤ እርምጃ እንጂ ሩጫ አይደለም። የእረፍት ቀንዎ ችግኝ ጣቢያ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ። ስልኩ ቀይ ከሆነ የትም አይውጡ። ሳሉን ለሐኪም ያሳዩ።

"ለኔ ይሄን ሁሉ የሚደክሙት ለምንድነው?"

"ደንበኛዬ ነዎት" አልኩ።

ደንበኛዬ! ከቃል ሁሉ መርጬ!

"ቀጣዩ የእረፍት ቀኔ ከሳምንት በኋላ ነው" አለ። ብረቱን በእጁ ዳሰሰ፣ ጣቱን አየ። "እስቲ... አስቤበት ዞሬ እመጣለሁ።"

ታኅሣሥ 6

ዞሬ እመጣለሁ። ይሄን ቃል ስንት ደንበኛ ብሎኛል? ከነሱ የተመለሰ...

ታኅሣሥ 12

የእረፍት ቀኑ። ስልኩ ቀይ።

ሄድኩ። ጥብቁን ማስክ አድርጌ የችግኝ ጣቢያው በር ላይ ቆምኩ። ዛፎቹ ራሳቸው በጭሱ ውስጥ ጥላ መስለዋል። የበሩ ዘበኛ ወንበር አወጣልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ስጠብቅ መንገዱ ላይ ብዙ ሰማያዊ ነገር አለፈ። የሰማያዊ ሹራብ ብዛት!

አልመጣም።

ጠበቅኩት ብዬ ማንን እወቅሳለሁ? ዋጋ አልተነጋገርን፣ ቀብድ አልሰጠኝ። ማታ ደረቴ ጠበበኝ። መድኃኒቱን ሳብኩ። በጭሱ ነው። ሌላም ካለ ለሱ የሚሳብ አልታዘዘልኝም።

ታኅሣሥ 15

ቡናማው መጋረጃ ተሸጠ። አንዲት ሙሽራ ሙሉውን ወሰደችው። ጋሽ አዝራር እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ደስ አላለኝም፤ ለምዶኝ ነበር።

ታኅሣሥ 19

የመንገዱ ቆጠራ። ስልኩ አረንጓዴ፣ ሌሊቱን ነፋስ ነበር። ውሻ አንድ፣ ተኝቶ። ሳል፣ የኔ የለም፤ የሱ ሁለት፣ ትናንሽ።

በሩ ላይ ቀድሞኝ ቆሟል። በዚያው ሹራብ። እራፊው በአንድ በኩል ተነስቷል፣ አላልኩም?

"ባለፈው ሳምንት ምነው ቀሩ?" አልኩት፣ ቀዝቀዝ ብዬ።

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። "ቀይ ነበር እኮ! ቀይ ከሆነ የትም አይውጡ ያሉኝ እርስዎ! ቤቴን ዘግቼ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሳይ ዋልኩ።"

አይ እኔ። እኔው ሕግ አውጥቼ፣ እኔው ረስቼ፣ በሱ ላይ አኮረፍኩ። የነገርኩትን ቃል በቃል የያዘ ሰው!

"እኔም ቤት ነበርኩ" አልኩ። "ማን ሞኝ ነው በዚያ ጭስ የሚወጣው?"

ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ፦ "እመቤቴ፣ ዛሬስ ብቻዎን አይደሉም! ባለፈው ሳምንት በዚያ ጭስ ያን ያህል ሲቆሙ አሳዝነውኝ ነበር።"

እግዜር ይይለት።

እሱ አልሳቀም። ወደ ዛፎቹ መራመድ ጀመረ፣ እኔም ከጎኑ። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው፦

"በጭስ ቆመሽ ጠበቅሽኝ" አለ።

አንቺ። አላረምኩትም።

ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሳንባው ገና ደህና ነው፣ መንገዱን ግን ተው ተብሏል። ከሥራ መልስ በቅያሶቹ ይራመዳል። በሱ ቤት ውስጥ ማን እንደሚተነፍስ ጠየቅኩት። ሬዲዮው አለ። እኔ ፍሪጁ አልኩ። የማን እንደሚብስ ተከራከርን።

ሽቅቡን ሮጥን፣ ቀስ ብለን፣ ማውራት እስኪያቅተን ሳንደርስ። ከጎን ሲሮጡ ግን ሰውዬው አይታይም። ድልድዩ ሥር ፊት ለፊት ነበር የሚመጣው፣ ከሩቅ ጀምሮ አየው ነበር። ያ መምጣቱ ይናፍቀኛል። አሁን የሚሰማኝ ትንፋሹ ነው።

በየቀኑ አንድ የነበረውን በሳምንት አንድ ለወጥኩ። ከሰርኩ ወይስ አተረፍኩ? ሂሳቡን ዛሬ አልሠራውም።

ስንለያይ ሹራቡን አውልቅ አልኩት። ምነው አለ። አውልቅ። ሰጠኝ። አሁን ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ቤቱ ውስጥ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። መስኮት አልከፈትኩም።

ነገ፦ ሱቅ ሳልከፍት ከጋሽ አዝራር ሰማያዊ የሱፍ ክር። ከጠንካራው።